የጽጌ ሰሞን በቁስቋም

ከአሜሪካ የመጣ ሰው መሄጃው ሲቃረብ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው። «አገሩን እንዴት አገኘሽው?» የሰፈሩ ባለ ሱቅ ጠየቀኝ፤ የሚኒባሱ ረዳት ሒሳብ እየተቀበለ ጠየቀኝ፤ የእናቴ የንስሐ አባትም መስቀል አሳልመውኝ ሲያበቁ ጠየቁኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን እየመለስኩ ሰነበትኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ስመለስ ደግሞ የሥራ ባልደረቦቼ ይጠይቁኛል። የእነሱን አውቀዋለሁ፤ «ምንም የላቸውም፣ ግን ደስተኞች ናቸው» እንድላቸው ነው የሚጠብቁት። ይህን አባባል አልወደውም። ለምን እንደማልወደው ለማንም አስረድቼ አላውቅም፤ ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ታገሱኝ።

ቤታችን ቁስቋም ነው። ከስድስት ኪሎ ሽቅብ፣ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፎ፣ የጋሞ ሸማኔዎች ጥበቡንና ጋቢውን ከሚሰቅሉበት ከሽሮ ሜዳም በላይ፣ ዳገቱ ጉልበት መፈተን ሲጀምር ያለው ሰፈር። ከዚያ በላይ እንጦጦ ነው። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ የማስታውሰው መጀመሪያ ብርዱን ነው፤ ቀጥሎ የባህር ዛፉን ሽታ። እማዬ እንጀራ የምትጋግረው በቅጠል ነበር። ደረቁ ቅጠል ምጣድ ስር ሲገባ እየተንጣጣ ይነዳል፤ ነበልባሉ ፈጥኖ ይነሳል፣ ምጣዱን እኩል ያግላል፤ የጎመን ዘሩ ማሰሻ ሽታ ይከተላል። እኔ ጉልበቴን አቅፌ ምድጃው አጠገብ እኮረመታለሁ፤ ዓይኔ በጭስ ያለቅሳል፣ ግን ንቅንቅ አልልም፤ የመጀመሪያዋ እንጀራ የእኔ ናትና። ዛሬም አሜሪካ መድኃኒት ቤት ውስጥ የባህር ዛፍ ቅባት ከሸተተኝ ሆዴ እንጀራ ይላል።

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከደብሩ ነው። ቁስቋም እመቤታችን ልጇን አቅፋ ከሄሮድስ ሸሽታ በግብፅ ስትንከራተት ያረፈችበት ተራራ ነው፤ በላይኛው ግብፅ፣ የአል ሙሐረቅ ገዳም ያለበት። ጎንደርም እቴጌ ምንትዋብ ያሳነጹት ቁስቋም አለ። ስደቷ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ነው ይባላል፤ እሱ የሚታሰበው ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው በጽጌ ወቅት ሲሆን ኅዳር 6 በዓሉ ይነግሣል። ቅዳሜ ማታ ገብተው እስከ እሑድ ማለዳ አባ ጽጌ ብርሃን የደረሱትን ማኅሌተ ጽጌ ይቆማሉ። ልጅ ሆኜ የከበሮው ድምፅ ብርድ ልብሴ ውስጥ ድረስ ይመጣ ነበር፤ ተኝቼም እሰማዋለሁ፣ ነቅቼም እሰማዋለሁ። እኛ ልጆቿ ከአገር ከወጣን በኋላ እማዬ የጽጌን ጾም አንድም ዓመት አላለፈችውም። የፈቃድ ጾም ነው፤ ግድ አልነበረባትም። እኔ አሜሪካ፣ እህቴ ጀርመን፣ ወንድሜ ካናዳ፤ በየማታው የሦስታችንን ስም ከስደተኛዪቱ ስም ጋር ትጠራ እንደነበር የነገሩኝ እትዬ ናቸው።

እትዬን ላስተዋውቃችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ እኔም በልጅነቴ ከእትዬ ሌላ ስም ጠርቼላቸው አላውቅም። እንጨት ተሸካሚ ነበሩ። ጎህ ሳይቀድ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር እንጦጦ ይወጣሉ፤ ቅርንጫፉን ለቅመው፣ ቅጠሉን ጠርገው፣ በገመድ አስረው ያዝሉታል። ሸክሙ ከ30 ኪሎ በላይ ነው፤ ወርዱ መንገዱን ስለሚሞላው መኪና ሲመጣ ወደ ጎን ዞረው ጥጋቸውን ይይዛሉ። ከኋላ ለሚያያቸው ሰው መሆናቸው አይታወቅም፤ የሚታየው እግር ያበቀለ ቁጥቋጦ ነው። የእኛ የድንጋይ አጥር ወገብ በሚያህል ከፍታ ላይ የተካበ ስለነበር ሸክማቸውን ሳያወርዱ እዚያ አስደግፈው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። የእኔ ሥራ በጣሳ ውሃ ማድረስ ነበር። እትዬ ሲጠጡ አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ፤ ያን ጊዜ ደረታቸው ላይ ገመዱ የበላው መስመር ይታየኛል። «ያማል?» አልኳቸው አንድ ቀን። «ሲወርድ ነው የሚያመው፤ ተሸክሜው ሳለሁስ መች አስበዋለሁ» አሉኝ።

አጼ ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ወርደው አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ደን በማገዶ አለቀ፤ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መጀመር ተደርሶ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባህር ዛፍ ከተማዋን ባለችበት አስቀራት፤ ታሪኩን የማያውቅ ተማሪ የለም። ግን ዛፉ በራሱ እግር ከእንጦጦ አልወረደም። አራት ኪሎና ፒያሳ፣ ጉለሌና አራዳ እንጀራ የበሉት በእነዚህ ሴቶች ጀርባ ነው። ይህን በአገሪቱ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ በትልቅ ፊደል ተጽፎ ማየት እመኛለሁ።

በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲታወጅ ቀበሌው ማታ ማታ ሰውን ሁሉ ፊደል ያስቆጥር ጀመር። እትዬም ገቡ። ቀን ሲሸከሙ ውለው ማታ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እንቅልፍ እየጣላቸው ፊደሉ አልገባ አላቸው። እኔ ያን ጊዜ አራተኛ ክፍል ሳልደርስ አልቀረሁም፤ ማስተማር እወድ ነበር። ከምድጃ ከሰል አምጥቼ በአጥራችን ድንጋይ ላይ ስማቸውን ጻፍኩላቸው። ሸክማቸውን ባስደገፉ ቁጥር አንዲት ፊደል፤ እኔ ጽፌ አሳያለሁ፣ እሳቸው ጀርባቸው ታስሮ ስለሆነ አንድ እጃቸውን ብቻ ዘርግተው በከሰሉ ይደግሙታል። እማዬ ከጓሮ ሆና «ኧረ ልጅቷ ታደክምዎታለች!» ትላለች። ዝናብ ሲመጣ ይታጠባል፤ እንደገና እንጽፈዋለን።

የመጣሁት ለእማዬ ሙት ዓመት ነው፤ ጽጌ ሊገባ ሲል አገር ገባሁ። መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ እኔና እትዬ ቡና ጨርሰን ሲኒው ሳይነሳ፣ ረከቦቱ በራሱ መንኳኳት ጀመረ። ቀጥሎ ግድግዳው። እትዬ «ስለ እመብርሃን!» ብለው ክንዴን ይዘው በር ላይ አወጡኝ። በዚያ ዕድሜ ያ ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ እግዚኦ ይላል። በኋላ አዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳ የመሬት መንቀጥቀጥ መሆኑ ተነገረ፤ ቤታችንም ምንም አልሆነ።

እኔ ግን በዚያች ቅጽበት በሐሳብ ግንቦት 1983 ደርሼ ነበር። ግንቦት 27 ሊነጋጋ ሲል በጎተራ በኩል የጥይት መጋዘኑ ሲፈነዳ፣ ከተማውን አቋርጦ ያ ድምፅ ቁስቋም ደርሶ ቤታችንን ልክ እንደዚህ አንቀጥቅጦት ነበር። ከዚያ በፊት፣ ግንቦት 20 ኢሕአዴግ ከተማዋን ሲይዝ ተኩሱ ከወደ ታች ሲንጣጣ እኛ አልጋ ስር ነበርን። እነዚያን ቀናት ሰው ሲያወራ ስለ ታንኩና ስለ ቤተ መንግሥቱ ያወራል። እኔ የማስታውሰው የማገዶ እጦቱን ነው። ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው አልነበረም፤ እማዬ ያቦካችው ሊጥ ኮምጥጦ እቃው ላይ ገነፈለ። ሬዲዮኑ ስለ አዲሱ መንግሥት ይናገራል፣ እማዬ ስለ ሊጡ ታስባለች። ከዚያ አንድ ጠዋት በመንገዱ ላይ ጫን ያለ የእግር ድምፅና የቅጠል መንኮሻኮሽ ሰማን። እማዬ በሩን ከፈተች። አጥሩ ላይ ሸክም ተደግፏል። እትዬ ከስሩ ሆነው «እህቴ፣ ሊጡ ሳይበላሽ አልቀረም መቼም» አሉ። ለእኔ መንግሥት ተለውጦ ኑሮ የቀጠለው ያን ጠዋት ነው።

ከአገር የወጣሁት በ1989 ነው፤ በዲቪ። በልጅነቴ በየቀኑ ትምህርት ቤት ስሄድ የማልፈው የኤምባሲው ሰልፍ ውስጥ እኔም ፎልደሬን ደረቴ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ከላይ እንጨት ተሸካሚዎቹ እየወረዱ በሰልፉ አጠገብ ያልፋሉ። እትዬ አይተውኝ ቆሙ። ጎንበስ እንዳሉ፣ ከሸክሙ ስር «ይቅናሽ ልጄ፣ እሷ ታውቃለች» አሉኝና ወደ ስድስት ኪሎ ወረዱ። ቀናኝም። የወጣሁት ለራሴ ብቻ አልነበረም፤ አባባ ካረፈ ወዲህ ቤቱ በእማዬ ብቻ ነበር የቆመውና ከእኔ በኋላ ሁለቱም ታናናሾቼ በየፊናቸው ወጡ።

እንግዲህ ገንዘብ መላክ ተጀመረ። እናንተም የምትልኩ፣ ወይም የሚላክላችሁ፣ ይህን ታውቁታላችሁ። በየወሩ እንልካለን፤ ለበዓል ጨመር፣ ለሕመም ጨመር። እማዬ እግሯን ከያዛት በኋላ ደግሞ የላክነው ሁሉ ምን እንደሚሆን ከሩቅ እናሰላለን፤ ይሄ ለመድኃኒት፣ ይሄ ለዳይፐር፣ ይሄ ለወተት።

በዚህ ጉዞዬ ነው ያ ገንዘብ በማን እጅ እንክብካቤ ይሆን እንደነበር ያየሁት። ዶላር እናትን አያገላብጥም። ጀርባዋ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጥ እጅ ያስፈልጋል። ጀርባቸውን ለቅጠል ሰጥተው የኖሩት እትዬ ሸክሙን ካቆሙ በኋላ እማዬን መሸከም ጀመሩ። የደከመችን ሴት ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ፀሐይ። የአክስቴ ልጅ ባንክ ይሄድ ነበር፤ መድኃኒት ይገዛ ነበር፤ ይባረክ። ሌሊቱ ግን የእትዬ ነበር። እማዬ ስታርፍ እድሩ ድንኳኑን ተከለ፣ ወንበሩን አመጣ፤ ገላዋን ያጠቡት እሳቸው ናቸው። «ቀላል ሆና ነበር፤ አንዲት የቅርንጫፍ እስር አታህልም» አሉኝ ሙት ዓመቷ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስንወጣ። ሰው ሁሉ ከፊት ሄዷል፤ እኔ እዚያው ግንቡን ይዤ ቀረሁ።

ከተማዋ ተለውጣለች። ፒያሳ ወርጄ የማውቃቸውን መንደሮች አጣሁ፤ ዶሮ ማነቂያ የለም። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፣ የእግረኛው መሄጃ እግርን ይጋብዛል፤ ደስ ብሎኛል፤ የነበሩት ሰዎች የት ደረሱ የሚለው ሐሳብም አብሮኝ ነው የተመለሰው። በላይ ደግሞ በ2013 መጀመሪያ የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ አለ። አንድ እሑድ እትዬን በመኪና ወሰድኳቸው። ወጣቶች ብስክሌት ይነዳሉ፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ፣ አትሌቶች በጫካው መሐል ይሮጣሉ። እትዬ የካፌው ወንበር ላይ ማኪያቶ ይዘው ለረጅም ጊዜ ዛፎቹን አዩ። «እዚች ጋ ነበር ገመድ የምናስረው» አሉ በጣታቸው እያሳዩ። «እዚያች ጋ ዘበኛ ያባርረናል። አንዷ ጓደኛችን በዚህ በኩል ስትሮጥ ወድቃ እግሯ ተሰበረ።» ከዚያ ቀና ብለው፣ «እንዲህ ቁጭ ተብሎ ሲታይ ያምራል ለካ» አሉ። ቅሬታ አልነበረበትም። የእውነት አምሯቸው ነው። ከእሳቸው ጎን ሆኜ እኔም ሌላ ተራራ አየሁ።

ከመንገድ በታች እንጨት መሸከምን ትተው ሽመና የያዙ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ሻርፕ እያመረቱ ይሸጣሉ። ሄጄ ገዛሁ፤ የሠሩት ያምራል። ሆኖም ጠዋት በረንዳ ላይ ስቆም ዛሬም ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ይወርዳሉ፤ ከመካከላቸው እኔ ከአገር ስወጣ ያልተወለዱ አሉ።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። እትዬ ደስተኛ ናቸው ወይ? ይስቃሉ፤ ጨዋታ ያውቃሉ፤ ቡናቸው ላይ ሰፈሩ ይሰበሰባል። ሲስቁ ግን አንድ እጃቸው ወገባቸውን ይይዛል። ሳቃቸውን ብቻ አይቶ ወደ አገሩ የሚመለስ እንግዳ ወገባቸውን አላየም። ወገባቸውን ብቻ አይቶ የሚያዝንላቸው ደግሞ፣ ተኩስ ሳይበርድ ለጎረቤት ሊጥ ብለው ተራራ የወጡትን ሴት አላገኛቸውም። ዕድሜ ልኩን ከተማ ያበላ ሰው ጡረታ የለውም። ይህ ያንገበግበኛል። ሲልቨር ስፕሪንግም ይህንኑ እናገራለሁ፤ አጭር መልስ የፈለገ ይቀየመኝ።

ኅዳር 6 ዓርብ ዋለ። እትዬ ዓመቱን ሙሉ ያሰቡበት ዶሮ ስለዚህ ለቅዳሜ ተላለፈ። በዓሉን በሽሮና በጎመን፣ በምስር ወጥ አከበርነው። ታቦቱ ሲወጣ ነጭ የለበሰው ሕዝብ ዳገቱን ሞልቶታል፤ ዕጣኑ፣ የእርጥብ ሣሩ ሽታ፣ ከሩቅ የመጡት ሴቶች እልልታ። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ስልካቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ በቪዲዮ ቤይሩት ላለች ልጃቸው ታቦቱን ያሳያሉ። «ታየሽ? ታየሽ ዓለሜ?» ይላሉ። ከስልኩ ውስጥ የልጅቷ ልቅሶ ይሰማል። የስደቷ ንግሥት በምታልፍበት መንገድ ላይ ስንቱ ቤት ስንት ሰው ውጭ አገር እንዳለው እያሰብኩ እኔም ከእሳቸው ጋር አለቀስኩ።

ለእማዬ እንልክ የነበረውን ከእንግዲህ ለእትዬ እንድንልክ ከእህቴና ከወንድሜ ጋር ተስማምተናል። ያን ማታ ነገርኳቸው። እትዬ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «አይሆንም አልልም። ግን በሰው እጅ አይሁን። በራሴ ስም ደብተር አውጪልኝ» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በረራዬ ማታ ሆኖ፣ ሽሮ ሜዳ ወረድን። መጀመሪያ ፎቶ ቤት፤ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ሳልስቅ አንሳኝ፣ የባንክ ነው» አሉት ልጁን። ከዚያ ባንክ። ወረፋው እስኪደርሰን ሻንጣዬ ውስጥ ስላለው በርበሬ አወራን፤ ሁለቱም ሻንጣ ከ23 ኪሎ እንዳያልፍ ሌሊቱን ስናወጣና ስናስገባ ነው ያደርነው። ተራችን ደርሶ የባንኩ ሠራተኛ ቅጹን ሞልታ የቀለም ሰሌዳውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገች። «እማማ፣ አውራ ጣትዎን እዚህ ላይ ይጫኑልኝ።»

«እጽፋለሁ» አሉ እትዬ።

እስክሪብቶውን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አቀረቀሩ። ከኋላችን ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ማንንም አልሰሙ። አንድ ፊደል ጻፉ፣ አረፍ አሉ፤ ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ቀና ብለው አዩኝና መልሰው አቀረቀሩ። የስማቸውን የመጨረሻ ፊደል እግሯን ረዘም አድርገው ጨረሱት፤ እኔ በከሰል እንዲያ ነበር የምጽፋት። ሠራተኛዋ ደብተሩን ሰጠቻቸው። ገልጠው አዩት፣ ከድነው ጡታቸው ስር ከተቱት፤ መልሰው ደግሞ አወጡትና፣ «ከእኔ በቀር ሌላ ሰው ማውጣት ይችላል?» ብለው ጠየቁ።

«አይችልም እማማ።»

«ሽማግሌ ቢልክስ?»

«ቢልክም አይችልም።»

«እንግዲያው ጥሩ ነው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ተነሺ እንጂ፤ ሽንኩርቱን ለልጅ ትቼ ነው የመጣሁት፤ ካረረ ዶሮው ምን ሊሆን ነው?»